በከሰረች ከተማ ባለገንዘብ መሆን

የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ፖስታውን ሁለት ጊዜ አገላበጠ። ከዚያም ሰፈር በሚሰማ ድምፅ «ባለገንዘቡ ማናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

በሩ ላይ የቆሙት ጋሽ ዜብራ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ከኋላቸው ከሚስታቸው በቀር ማንም አልነበረም።

«የምን ባለገንዘብ?»

«ይኸው ተጽፏል እኮ። ‹ለባለገንዘብ ቁጥር አርባ ሰባት›። ስሙም አድራሻውም የእርስዎ ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ፈረሙ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ሚዛኑ ላይ ስኳር እንደያዘ አንገቱን አስግጎ ይሰማ ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጋሽ ዜብራ ሀብታም መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። የሂሳብ መምህር ነኝ፤ የቤታቸውን ፎቅ ተከራይቼ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ስለዚህ የማወራው ከቅርብ ያየሁትን ነው።

ጋሽ ዜብራ የተባሉት ለሠላሳ አንድ ዓመት የከተማዋን የእግረኛ መሻገሪያዎች ስለቀቡ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ነጭ መስመር ነው፤ ምን አለው ያሰኛል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን እስኪያስረዱኝ ድረስ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ መንገዱ ይጠረጋል። አንዲት ጠጠር ከቀረች ቀለሙ የሚሰነጠቀው እሷ ላይ ነው። ቀጥሎ ሁለት ሰው በጠመኔ ዱቄት የታሸ ሲባጎ ወጥሮ ይይዛል፤ መሀሉን በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ሲለቁት ጧ! ብሎ አስፋልቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ትቶ ይነሳል። ከዚያ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ከዚያ ይቀባል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የመጨረሻው ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ እንደ ስኳር የደቀቀ የብርጭቆ ዶቃ ይነሰነስበታል። የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራው ቀለሙ አይደለም፤ ዶቃው ነው! ይህን ካወቅሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል መንገድ ስሻገር መሀል ላይ ጎንበስ እያልኩ ስመለከት ሹፌሮችን አስመርሬአለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። በፊት ለፊቱ ክፍል ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ግራ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙም እየተከተለ ነው። ስለዚህ ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገቡላቸው ጋሽ ዜብራ ሆነዋል። ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት መርፌ ላይ ክር አስገብተው ትንሿ ትራስ ላይ ይሰኩላቸዋል፤ ያ የቀኑ ስንቅ ነው። ቀዶ ጥገናው ውድ ስለሆነ የጡረታቸውን ሲሶ በየወሩ ለዓይን ሐኪሙ እየከፈሉ ያጠራቅሙ ነበር። ክፍያው አንድ ዓመት ይቀረዋል፤ ሲያልቅ ሁለቱም ዓይን ይሠራል። ይህችን ሲሶ ልብ በሉልኝ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው። በማግስቱ ጋሽ ዜብራ ዳቦ ሊገዙ ሲሻገሩ ባለሱቁ ወንበር ይዞ እየሮጠ ወጣ።

«ጋሽዬ፣ አረፍ ይበሉ! እኔ አመጣልዎታለሁ።»

«ምን ነካህ? ሃያ ዓመት ቆሜ ገዝቼ ዛሬ ወንበር?»

«ሰው ሲለወጥ አያያዝም ይለወጣል።»

«ማን ነው የተለወጠው?»

«ይሁን፣ አይናገሩ» አለ ባለሱቁ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ። «ገብቶኛል። እኔም ብሆን አልናገርም።»

ከሰዓት በኋላ ታክሲ የሚነዳው የእትዬ ወንድም መጣ። ሻይ ጠጣ፣ ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ ጤና ጠየቀ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ምንም አልልዎትም፤ አራት ጎማ ብቻ» አለ። እሱ ሲወጣ ጎረቤት ገባች፤ የጣራዋን ነገር አነሳች። ሦስተኛው እንግዳ ሲሄድ እትዬ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከኔ የደበቅከው ነገር አለ?»

«ምን እደብቃለሁ? ኪሴን የምትሰፊው አንቺ!»

«ኪስህን ነው የምሰፋው፤ ሆድህን አይደለም።»

ይህን ጊዜ ነው ደብዳቤውን ይዘው ወደ ላይ የወጡት።

«መምህር፣ ይቺን እያት። አንብቤያታለሁ፤ ግን ያነበብኩት አልገባኝም።»

ስድስት ገጽ ነው። እየገለጥኩ አነበብኩ፤ ችግሩ ያለው የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው ቃል ላይ ነበር። በሰፈር ወሬ ባለገንዘብ ማለት ገንዘብ ያለው ነው። በሕግ ቋንቋ ግን ባለገንዘብ የሚባለው ሌላ ሰው ገንዘቡን የያዘበት፣ ገና ያልተከፈለው ነው፤ የባለዕዳ ተቃራኒ። ከተማዋ ፍርድ ቤት ቀርባ «ከስሬአለሁ» ብላለች፤ ጋሽ ዜብራ ደግሞ ጡረታቸውን የሚቀበሉት በቀጥታ ከከተማዋ ካዝና ስለሆነ ከሷ ፈላጊዎች አንዱ ናቸው። ቁጥር አርባ ሰባት።

በጥሞና አዳመጡኝ።

«ስለዚህ ገንዘቡ የኔ ነው፤ እኔ ጋ ግን የለም።»

«አዎ።»

«ማን ጋ ነው?»

«እነሱም ጋ የለም።»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ታዲያ እንዲህ ከሚሉኝ ቢሰድቡኝ አይሻልም ነበር?»

ቀጥለው የጠየቁት ጥያቄ ግን መምህር የሚወደው ዓይነት ነበር። «ቆይ፣ ከተማ እንዴት ይከስራል? ባለሱቅ ሲከስር ይገባኛል፤ ሚዛኑ ይሸጣል፣ በሩ ይዘጋል። ከተማ ይዘጋል? ዜብራዬን ገልብጠው ሊሸጡት ነው?»

ወረቀት አወጣሁና አስረዳኋቸው። እውነትም ከተማ አይዘጋም። የውሃ ቧንቧ ለሐራጅ አይቀርብም፤ ሕፃናትን «ትምህርት ቤታችሁ ለባንክ ተሰጥቷል» ማለት አይቻልም። ስለዚህ እኛ ጋ ያለው ሕግ ከተማን የሚያከስረው ለመሸጥ ሳይሆን ሁሉንም ፈላጊ አንድ ክፍል ውስጥ ለማስቀመጥ ነው። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ «ሁላችሁም እጃችሁን ሰብስቡ» ይላል፤ ማንም ቀድሞ ሮጦ የካዝናውን እንዳያፍስ። ቀጥሎ ባለአደራ ይሾማል። ባለአደራው ያለውንና የሌለውን አይቶ ለእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚቀነስበት ዕቅድ ያወጣል። በመጨረሻ ባለገንዘቦቹ በቡድን በቡድን ሆነው ድምፅ ይሰጣሉ።

ከተማችን እዚያ የደረሰችው በአዳራሽ ነው። ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ የስብሰባ አዳራሽ በብድር ሠራች። በአራት ዓመት ውስጥ ስድስት ስብሰባ ተካሄደበት፤ ሁለቱ ስለ አዳራሹ ዕዳ የተደረጉ ነበሩ። ብድሩን ለመክፈል ሌላ ብድር ወሰደች። ከዚያ ነዳጅ ለሚያቀርበው ነጋዴ መክፈል አቆመች። ከዚያ ደብዳቤ መጣ።

ዕቅዱ አምስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ባንኩ ግማሹን ይተዋል። አቅራቢዎች ከአሥር አራቱን ይተዋሉ። ጡረተኞች ሲሶውን።

«ሲሶ» አሉ ጋሽ ዜብራ። መነጽራቸውን አውልቀው ያለ ምክንያት ጠረጉት፤ ደብዳቤውን አጥፈው ወረዱ።

ለእትዬ የነገሯቸው በዚያው ሰዓት ነው። እትዬ እጃቸው ላይ ያለውን ሱሪ ሳይለቁ አሰቡበት።

«እንግዲያ አንዱን ዓይን ብቻ እንሥራው። አንድ ይበቃኛል።»

«አንድ መስመር ብቻ ያለው ዜብራ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ተቆጡ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ስብሰባው የተጠራው በማዘጋጃ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። «ሂሳቡን የሚሰማልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ስላሉኝ አብሬያቸው ሄድኩ። ከፊት ፍርድ ቤት የሾማት ባለአደራ ተቀምጣለች፤ ጸጥ ያለች ወጣት፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ የደረደረች። በቀኝ የባንኩ ጠበቃና አቅራቢዎቹ፣ በግራ ስልሳ አንድ ጡረተኞች። ጡረተኞቹን የሚመራው ድሮ የእሳት አደጋ መኪና ይነዳ የነበረ፣ ቶሎ ስለሚነድ እሳቴ የተባለ ሰው ነው።

ጠበቃው ቀድሞ ተነሣ። «ኪሳራ መድኃኒት ነው» አለ። «ይመራል። ግን ከተማዋ ከአቅሟ በላይ ማውጣት እንደሚያስቀጣ ትማርበታለች። መንግሥት እንደ ግለሰብ መክሰር ካልቻለ ወጪውን መቼም አይቆጣጠርም።»

«መንግሥት ምን በወጣው ይከስራል!» ብሎ እሳቴ ዘሎ ተነሣ። «ሱቅ ነው እንዴ? ግብር ይጨምርና ይክፈለን!»

የነዳጁ ነጋዴ ከወዲያ ማዶ ጮኸ። «ግብር የሚከፍለው ማን ሆነና? እኔ! የራሴን ዕዳ ለራሴ ልክፈል?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ ጋሽ ዜብራ ቆመው አየኋቸው።

«መድኃኒት ነው አልክ፣ ልጄ። ጥሩ። የሚጠጣው ማን ነው? አዳራሹን ያዘዙት ሰዎች እዚህ ክፍል ውስጥ የሉም። ከተማዋ ትማራለች ስትል ማን ነው የሚማረው?»

«ይቅርታ አባቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር?»

«መስመር እቀባ ነበር።»

«እንግዲህ የወጪ አስተዳደር ትንሽ ለየት ያለ—»

«እሱን ልነግርህ ነው እኮ የተነሣሁት።»

ከኮታቸው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ባለአደራዋ ፊት ፈቱት። መዳፍ የሚያህል የደረቀ ቀለም ነው፤ ውፍረቱ እንደ መጽሐፍ ሽፋን።

«ይሄ ከዚህ ሕንፃ ደጃፍ ካለው ዜብራ ነው፣ ልጄ። ለቧንቧ ሲቆፍሩ ተነሥቶ አገኘሁት። ጠርዙን እዪው፤ ንብርብር ነው። ቁጠሪው።»

በጥፍሯ እየነካች ቆጠረች። «አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት፣ አሥራ አንድ ጊዜ። ዶቃ ያለው ቀለም እዚህ መንገድ ላይ ሦስት ዓመት ይቆያል። አራት ጊዜ ይበቃው ነበር። ሰባቱ የመጨረሻው ወር ልጆች ናቸው።»

«የመጨረሻው ወር?»

እዚህ ላይ እኔም ወደ ፊት ጎንበስ አልኩ፤ ምክንያቱም ለዓመታት ሂሳብ ሳስተምር ይህን ነገር አስቤው አላውቅም። በከተማዋ ደንብ አንድ ክፍል በዓመቱ መጨረሻ ያልጨረሰው በጀት ይመለሳል። መመለሱ ብቻ ቢሆን መልካም፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሰጠውም በዚያው ልክ ይቀነስበታል። ስለዚህ በጀት ዓመቱ ሊዘጋ አንድ ወር ሲቀረው ቀለም ከተረፈ ትእዛዝ ይመጣል፤ ቀቡ! ያልደበዘዘውን ነጭ በነጭ ቀቡ።

«አለቃዬን አላማም» አሉ ጋሽ ዜብራ። «አንድ ዓመት ቆጥቦ መልሶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የትምህርት ቤቱ ፊት መስመሩ ጠፍቶ ቀለም አጣን። ልጆቹን ቆሜ በእጄ አሻግር ነበር። ከዚያ ወዲያ አልቆጠበም። እኔም ቀብቻለሁ፤ እጄ ነው፤ አልክድም። ነጭ ላይ ነጭ ስቀባ አላፊ አግዳሚው ያየኛል ብዬ አፍር ነበር። አፈርኩ፤ ግን ቀባሁ።»

ከጡረተኞቹ መሀል የድሮዋ የመጋዘን ኃላፊ ጉሮሯን ጠረገች።

«የኔ መጋዘን ውስጥ ሦስት መቶ አርባ ወንበር አለ። ላስቲኩ እንኳ አልተፈታም። የተገዛው… እ… በመጨረሻው ወር ነው።»

«የታይፕ ሪባን» አለች ሌላዋ፣ የድሮ ጸሐፊ። «ሁለት ትልልቅ ካርቶን። ታይፖቹ ከተጣሉ በኋላ!»

ሁሉም ወደ እሳቴ ዞሩ። እሳቴ ጣሪያውን አየ።

«ቱቦ» አለ በመጨረሻ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። «ትንሽ… ረዘም ያለ ቱቦ።»

«ስንት ሜትር?» አለች ባለአደራዋ።

«ልጄ፣ ጎረቤት ከተማ እሳት ቢነሣ ከዚህ ይደርሳል።»

ያን ቀን ድምፅ አልተሰጠም። ባለአደራዋ ሦስቱንም እስክሪብቶ ጨርሳ ሁለት ሳምንት ጠየቀች። በኋላ ያደረገችውን ሳውቅ በደስታ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ ቀላልነቱ ነው ያስደሰተኝ። የከተማዋ ሂሳብ ሁልጊዜ የሚታየው በዓመት ነበር። በዓመት ሲታይ ወጪው ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ ነው፤ ምንም አይጠረጠርም። እሷ ያንኑ ሂሳብ በወር በወር ከፋፈለችው። አሥራ አንዱ ወር ሜዳ ሆነ፤ አሥራ ሁለተኛው ተራራ። ከዓመቱ ግዢ ሩብ የሚጠጋው በአንድ ወር ውስጥ የተገዛ ነበር። መጋዘኖቹ ሲከፈቱ ለሁለት ዓመት ምንም ሳይገዛ የሚያሠራ ዕቃ ተገኘ።

አዲሱ ዕቅድ ሁለት ነገር ጨመረ። የቆጠበ ክፍል የቆጠበው ገንዘብ ለሚቀጥለው ዓመት ለራሱ ይቆይለታል። በመጨረሻው ወር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ዝርዝሩ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ ማንም ሰው ቆሞ ያነበዋል። በዚህ ምክንያት የጡረተኞቹ ቅናሽ ወደ ሲሶው ግማሽ ወረደ።

እንግዲህ መንግሥት መክሰር አለበት ወይስ የለበትም? ብዙ አስቤበታለሁ። ጠበቃው ያለው በከፊል ትክክል ነው፤ ለከተማ ያበደረ ባንክ ገንዘቡን ሊያጣ እንደሚችል ካወቀ ለሚቀጥለው አዳራሽ ከማበደሩ በፊት ይጠይቃል። ግን ያው ፍርሃት ቧንቧ መዘርጋት የምትፈልግ ሌላ ትንሽ ከተማም ብድር ያሳጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ደግሞም ኪሳራው ብቻውን ቢሆን ኖሮ የሁሉንም ድርሻ ቀንሶ የመጨረሻውን ወር እንዳለ ይተወው ነበር፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ተመልሰን እዚያው ክፍል እንቀመጥ ነበር። ወጪውን የገታው ሌላ ነገር ነው፦ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚፈስ በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠይቀው ተናገሩ። የሚያሳዝነው፣ ከተማዋ እነሱን ለመጠየቅ መክሰር ነበረባት። ጋሽ ዜብራን ስጠይቃቸው መልሳቸው ከኔ ያጠረ ነበር። «ይክሰር። ግን ሠራተኛውን ሳይጠይቅ አይክሰር።»

ድምፅ የተሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ለጋሽ ዜብራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሲሶው ግማሽ ማለት በየወሩ ከሐኪሙ ክፍያ ግማሹ ማለት ነው። እምቢ ቢባል ደግሞ ጉዳዩ ይበተናል፤ ሁሉም በየፊናው ይሮጣል፣ ቀድሞ የሚደርሰው ባንኩ ነው። ከስልሳ አንዱ አርባ ሦስት እጅ ወጣ። የጋሽ ዜብራ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

እሳቴ እጁን እንዳጣጠፈ ወደሳቸው ዞረ። «የሚስትህን ዓይን ሸጥከው!»

«የሷ ድምፅ ነው» አሉ ጋሽ ዜብራ። «እኔ ያዋስኳት እጅ ብቻ ነው።»

የተቀነሰው የመጀመሪያ ጡረታ የወጣ ዕለት ቅዳሜ ነበር። ጋሽ ዜብራ ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ መፍቻ ይዘው ወደኔ ወጡ። «መስኮትህ ሳይላላ አይቀርም» አሉና ምንም ያልሆነውን መስኮት ይፈቱ ጀመር። አንድ ብሎን አወጡ፣ አዩት፣ መለሱት። ሌላ አወጡ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ቀላ።

ኪራዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም አልጨመረም ነበር። የመጡበት ገባኝ። የጎደለውን አስልቼ ጠብቄአቸው ስለነበር ቁጥሩን እኔው ተናገርኩ።

«አበድክ?» አሉ ዞረው። «ይሄ ብዙ ነው! ግማሹ ይበቃል።»

«ጋሼ፣ ግማሹ አይሞላም። ሂሳብ ነው የማስተምረው።»

«ተማሪዎችህን አስተምር! እኔን አታስተምረኝ። ሲሶውን ቀንስ።»

«አልቀንስም።»

ከታች የስፌት መኪናው ቆመ። የእትዬ ድምፅ በደረጃው ወጣ።

«ነገርከው ወይ?»

«እየነገርኩት ነው!»

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቃችኋል? እምቢ አለ?»

ጋሽ ዜብራ መፍቻውን እንደያዙ በሩ ድረስ ሄዱ። «ብዙ ልክፈል ብሎ አስቸገረኝ እኮ!»

ከታች ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ፣ «ተቀበለውና ቶሎ ውረድ፤ ሐኪሙ ሳይዘጋ እንድረስ!»